የአስካለን ደም ፍለጋ ወደ መንዝ

ከመንዝ ከተመለስኩ ሳምንት አልሞላኝም። ከንፈሬ እንደተሰነጠቀ ነው፤ ወገቤም ገና አልተመለሰልኝም። ድሬዳዋ ያሉት እህቶቼ ደውለው «እንዴት ነበር? ምን ምን አየሽ?» ሲሉኝ የምመልሰው አጣሁ፤ ከበቅሎ ጆሮና ከጉም በቀር ያየሁት ብዙ ነገር የለም። እነሱ መቼም እዚያ አይሄዱም። ድሬ ተወልዶ ያደገ ሰው በገዛ ፈቃዱ መንዝ አይወጣም። ስለዚህ የሆነውን በየቀኑ ልጽፍላቸው ተቀመጥኩ፤ ለእነሱም ወሬ ይሆናል፣ ለእኔም ንዴቴ ይወጣልኛል።

መጀመሪያ አንድ ነገር ይታወቅልኝ። እኔ ዶክተር አይደለሁም። አዲስ አበባ አንድ ሆስፒታል ውስጥ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ይህን በመንገዴ ላይ ላገኘሁት ሰው ሁሉ ተናግሬያለሁ፤ የሰማኝ ግን የለም።

የሄድኩት ደም ለመቅዳት ነው። የምሠራላቸው ፕሮፌሰር ስለ ፕሌትሌት ያጠናሉ። ፕሌትሌት ማለት በደማችን ውስጥ ካሉት ሁሉ ትንሿ ነገር ናት፤ እጃችን ሲቆረጥ ተሰብስበው ቁስሉን የሚደፍኑት እነሱ ናቸው። ሰው የሚያውቃቸው በዚህ ደግ ሥራቸው ነው። ነገር ግን የሰውነት መከላከያ ተሳስቶ የራሱን ደም ቧንቧ የሚያጠቃበት በሽታ አለ። ቧንቧው ከውስጥ ሲያብጥ ፕሌትሌቶቹ ቁስል ያገኙ መስሏቸው ይሮጣሉ። ደርሰው ዝም ብለው ቢደፍኑ ባልከፋ፤ እነሱ ግን ነጭ የደም ሴሎችን ይጠራሉ፣ እብጠቱን ያብሱታል፣ እርስ በርስ እየተያያዙም መንገዱን ያጠቡታል። ባልና ሚስት ላስታርቅ ብሎ ገብቶ ሰፈሩን በሙሉ እንደሚያጣላ ጎረቤት ናቸው። ፕሮፌሰሩ ማወቅ የሚፈልጉት ጎረቤቱ ጠቡ ላይ ዘግይቶ የደረሰ ነው ወይስ ራሱ የጫረው ነው የሚለውን ነው።

አስካለ ይህ በሽታ ያለባት የሃያ ሰባት ዓመት የመንዝ ሴት ናት። ወደ ግራ ክንዷ የሚሄደው ትልቁ ቧንቧ በጣም ከመጥበቡ የተነሳ በግራ እጇ ላይ የልብ ትርታ አይገኝም። እኛ ሆስፒታል መጥታ ሁለት ዓይነት ኪኒን ተሰጣት፤ አንዱ የተሳሳተውን መከላከያ የሚያበርድ፣ ሌላው ፕሌትሌቶቹ እንዳይያያዙ የሚያደርግ ትንሽዬ አስፕሪን። ወስዳ ሄደች፤ በቀጠሮዋ ግን አልመጣችም። አዲስ አበባ በግንበኝነት የሚሠራው ባሏ ጌታነህ መጥቶ «ራሷን ያማታል፣ ያዞራታል። እዚያው ጤና ጣቢያ ግፊትሽ አንሷል ብለዋታል። መኪና አትችልም» አለን። ኪኒኑም አልቆባታል።

ፕሮፌሰሩ «እሷ ካልቻለች አንቺ ሂጂ» አሉኝ። «ኪኒኗን አድርሺላት፣ ደሟን ቅጂና አምጪ። ግን እንዳታንቀጠቅጪው፣ እንዳታቀዝቅዢው።» ፕሌትሌት ብርድ ሲነካው ወይም ሲንገላታ ቁስል የነካ መስሎት ይቀሰቀሳል፤ ያኔ በሽታው ያደረገውንና መንገዱ ያደረገውን መለየት አይቻልም። ሁለቱንም ትእዛዝ የሰጡኝ ፕሮፌሰር የመንዝን መንገድ በካርታ ካልሆነ አይተውት አያውቁም።

ሰኞ

ጌታነህ መናኸሪያ ድረስ መጥቶ ሸኘኝ። አመስግኜው ሳልጨርስ በማዳበሪያ ከረጢት የታሰረ ነገር እግሬ ሥር አስቀመጠ። «ለአስካለ ናት» አለኝ። ላነሳው ስሞክር ትከሻዬ ሊወልቅ ደረሰ። ምን እንደሆነ ብጠይቀው «የቤት ነገር ናት፤ በጣም የሚያስፈልጋት» ብሎ አቀረቀረ። ለታመመች ሚስቱ የላከውን ከፍቼ ልፈትሽ አልልም። አንድ ትከሻዬ ላይ የደም ሳጥኔን፣ አንድ እጄ ላይ ከረጢቱን ይዤ ገባሁ።

ደብረ ብርሃን ስንደርስ ፀሐይ ነበረች፤ ፀሐዩ ግን ለማየት እንጂ ለመሞቅ አልነበረም። በእኛ አገር ፀሐይ ከወጣ ወጣ ነው፤ ሰው ጥላ ይፈልጋል። እዚህ ፀሐይ እያለ ሰው ጋቢ ደርቦ ግድግዳ ይጠጋል። ያደርኩበት ሆቴል ልጅቷ ብርድ ልብስ ስጠይቃት ሁለት አመጣችልኝ፤ ሌላ ስጠይቃት ቆየችና አንድ አመጣች። ጠዋት ሳገኛት አፍንጫዋ ቀልቷል፤ ሦስተኛው የራሷ ኖሯል። ተናደድኩባት። ሰው እንዲህ ሲደረግለት ከማፈር በቀር ምን ያደርጋል?

ማክሰኞ

የመሐል ሜዳ አውቶቡስ በጠዋት ይነሳል ተባልኩ። ተነሳሁ፤ አውቶቡሱ ግን አልተነሳም። እስኪሞላ ጠበቅን። ሞላ። ከሞላ በኋላ ደግሞ እስኪተርፍ ጠበቅን። አቦ! ድሬ ውስጥ እንዲህ ቢሆን ሹፌሩ ስንት ስድብ ይጠጣ ነበር። እዚህ ሰው ሁሉ ቁጭ ብሎ «እግዚአብሔር ያውቃል» ይላል። እኔ ብቻ ስነጫነጭ አጠገቤ ያሉት አንዲት ሴትዮ ቆሎ ዘግነው እጄ ላይ አደረጉልኝ። ልጅ ሲያለቅስ ከረሜላ እንደሚሰጡት መሆኑ ገባኝ፤ በላሁት ግን።

ጣርማ በር ላይ ጉም ውስጥ ገባን። ከሹፌሩ ፊት መንገድ ይሁን ገደል አይታይም። ወደ ሞላሌ ስንታጠፍ ጎማ ፈነዳ። ወርደን ንፋሱ ላይ ቆምን። ረዳቱ ጎማውን ሲቀይር የኋላው በር አልዘጋ አለው፤ ዞር ዞር ብሎ አየና የእኔ ሳጥን ላይ የተጠቀለለችውን የላስቲክ ማሰሪያ ተመለከተ። ደም ስር እንዲያብጥ ክንድ ላይ የማስርባት ናት። «እህት፣ ይቺን አንዴ» አለኝ። እጄን አንስቼ እምቢ ሳልል በሩን ጥርቅም አድርጎ አስሮባታል። መሐል ሜዳ ስንደርስ ስፈልጋት ላስቲኳ መንገድ ላይ ተበጥሳ ወድቃለች። ረዳቱ ከልቡ አዘነ። ይቅርታ ብሎ ከረጢቱን እስከ ከተማው መሐል ተሸከመልኝና «ድንጋይ ነው እንዴ የያዙት?» አለኝ። እኔም ድንጋይ ሳይሆን አልቀረም አልኩት።

መሐል ሜዳ የምፈልገው ሰው የአስካለን ግፊት የሚለካው ነርስ ነበር። ስሙ ብርሃኑ ነው፤ የሚሠራው ወደ ግሼ በሚወስደው መንገድ ባለች ትንሽ ጤና ጣቢያ ነው። እዚያ መንገዱን ያሳየኛል ብዬ ነበር። ስልክ ስደውልለት መሐል ሜዳ ነኝ አለኝ። ደስ አለኝ። ለካስ የአካባቢው የመንግሥት ሠራተኛ በሙሉ ስለ መልካም አስተዳደር ስብሰባ ተቀምጧል። አዳራሹ በር ላይ ቆሜ አስጠራሁት፤ አጎንብሶ ወጣና «ስም ይጠራብኛል፤ ነገ ከሰዓት ይበተናል፣ ሐሙስ በጠዋት የግፊት መለኪያውን ይዤ እመጣለሁ» ብሎ አጎንብሶ ተመለሰ።

ከአዳራሹ ማዶ አንድ ሽማግሌ በቅሎ ይዘው ቆመዋል። የጌታነህ አባት ጋሽ ይፍሩ ናቸው፤ ልጃቸው ደውሎላቸው ከጠዋት ጀምሮ እኔን ሲጠብቁ ነው የዋሉት። ከወገባቸው ጎንበስ ብለው «እንደምን ዋሉ ዶክተር? ጉዞው አጎሳቆለዎት» አሉኝ።

«ጋሽ ይፍሩ፣ እኔ ዶክተር አይደለሁም። ላቦራቶሪ ነኝ።»

«ይሁን ዶክተር» አሉኝ።

ረቡዕ

ጋሽ ይፍሩ ዘመድ ቤት፣ እኔ አልጋ ተከራይቼ አድረን በማለዳ ወጣን። ሣሩ ላይ ውርጭ ነጭ ሆኖ ተኝቷል። በቅሎዋ ላይ ተቀመጥኩ፤ ሳጥኔን አቅፌያለሁ፣ ከረጢቱ ከኋላዬ ተጭኗል። በቅሎዋ ትንሽ ሄዳ ቆመች። ብትመታ፣ ብትለመን፣ አልንቀሳቀስ አለች። ጋሽ ይፍሩ እያፈሩ «ከረጢቱ ከብዷት ነው መሰል» አሉ። ከረጢቱ የታካሚዋ ነው፣ ሳጥኑ የፕሮፌሰሩ ነው፤ ስለዚህ የወረድኩት እኔ ነኝ። መንዝን በእግሬ ሄድኩበት። ሜዳው ያልቃል ሲሉት ሌላ ሜዳ፣ ገብስ አለቀ ሲሉት ሌላ ገብስ። ድሬ ውስጥ ከከዚራ ገበያ ለመድረስ ባጃጅ የምትጠራ ሴት ነኝ እኮ!

ቤታቸው ስንደርስ አስካለ ደጁ ላይ ቆማ በእንዝርት የበግ ፀጉር ትፈትላለች። ቀጭን፣ ቀይ ዳማ፣ ዝምተኛ ናት። እየፈተለች ሰላም አለችኝ፣ እየፈተለች ወደ ቤት አስገባችኝ። ግራ ክንዷ ግን ቶሎ ይዝላል፤ ትንሽ ትፈትልና ክንዷን ጉልበቷ ላይ ታሳርፋለች። እሷ የፈተለችውን ጋሽ ይፍሩ ባና ይሠሩታል፤ ያ ከባዱ የመንዝ ብርድ ልብስ ነው።

ከረጢቱን አቀበልኳት። ፈታችው። ጨው ነበር።

ከአዲስ አበባ ጀምሮ፣ በሁለት አውቶቡስ፣ በበቅሎ ጀርባ፣ ጨው! እኔ የጨው አገር ሰው ነኝ፤ በልጅነቴ የጨው ግመል ሳይ ያደግኩ ነኝ፤ መንዝ ድረስ ጨው ተሸካሚ ሆኜ መጣሁ። ጋሽ ይፍሩ ግን ፊታቸው በራ። «ልጄ አልረሳም» አሉ። ጤና ጣቢያው ግፊቷ ስላነሰ ጨው እንድታበዛ መክሯታል። ቤተሰቡም ምክሩን በሙሉ ልቡ ተቀብሏል። ጾም ስለሆነ የቀረበልን በሶ ነበር፤ በጨው የተለወሰ። ሽሮው ጨው ነው። ቆሎው ጨው ተረጭቶበታል። ቡናው ሳይቀር ጨው አለው። አስካለ ስትጎርስ ጋሽ ይፍሩ ቆመው ያዩአታል፣ ሲቀራትም «በርቺ ልጄ» ይሏታል። ምላሴ እንደ ቆዳ ደረቀ፤ ለእንግድነቴም አስተርፈው ጨመሩልኝ።

ማታ ደም ልቅዳ ስላት እንዝርቷን በቀኟ እንደያዘች ግራዋን ዘረጋችልኝ። ማሰሪያዬ መንገድ ላይ ስለቀረች በነጠላ ጫፍ አሰርኩት። ደም ስሯ እንደ ክር ቀጥኗል፤ ስንት ጊዜ ወግቻት በግድ አንድ ብልቃጥ ሞላሁ። አላማረረችም። «ደሜን ምን ሊያደርጉት ነው?» ብላ ብቻ ጠየቀችኝ።

ምን ብዬ ላስረዳት? ጥግ ላይ የተጣጠፈውን ባና አየሁት። ተሸምኖ ካለቀ በኋላ በሙቅ ውሃ እያራሱ በእግር ይረግጡታል፤ ፀጉሩ እርስ በርሱ ይያያዝና ንፋስ የማያስገባ ድፍን ይሆናል። «ፀጉሩ ሳይረገጥ ይንሸራተታል አይደል?» አልኳት። «በደምሽ ውስጥም እንደዚያ የሚንሸራተቱ ጥቃቅን ነገሮች አሉ። ያበጠው ቧንቧሽ ጋ ሲደርሱ እንደተረገጠ ፀጉር ይያያዛሉ። ሲያያዙ ደም መንገድ ያጣል። ትንሿ ኪኒንሽ እንዳይያያዙ የምታደርግ ነበረች።»

አስካለ እንዝርቷን አቆመች። «ከተያያዘ በኋላስ ማን ይፈታዋል?»

«ማንም» አልኳት። «ለዚህ እኮ ነው ኪኒኑን ሳታቋርጪ ዋጪ ያልንሽ!» የተቆጣሁት በእሷ አልነበረም፤ ግን የተቆጣሁት እሷን ነው።

ኪኒኖቹን ላወጣላት ስል ብርሃኑ ነገ ግፊቷን ሳይለካ መድኃኒት እንዳላስጀምራት የአስካለ ሐኪም ዶክተር ራሔል ማስጠንቀቋ ትዝ አለኝና መልሼ ያዝኳቸው። ሳጥኑን ከራስጌዬ አስቀምጬ፣ የጋሽ ይፍሩን ባና ተከናንቤ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሞቆኝ ተኛሁ።

ሐሙስ

ስነቃ ሳጥኑ የለም። ወጥቼ ስፈልገው ደጅ፣ ድንጋይ ላይ፣ ውርጭ ለብሶ ተቀምጧል። ጋሽ ይፍሩ ማልደው ሲነሱ ሳጥኑን ሙቅ ቤት ውስጥ ያዩትና ይደነግጣሉ። የሕፃናት ክትባት በበረዶ ሳጥን ተሸክመው የሚመጡትን የጤና ሠራተኞች አይተዋል፤ የሐኪም ዕቃ ቀዝቃዛ እንደሚወድ ያውቃሉ። «ሳይበላሽብዎ አወጣሁልዎት» አሉኝ፣ እንደሚመሰገን ሰው ፈገግ ብለው። ብልቃጡን አወጣሁት፤ ደሙ በረዶ ሆኗል። ተቀምጬ ራሴን ያዝኩ። እሳቸውም አጠገቤ ተቀምጠው «ብርዱ በዛበት?» አሉኝ።

ብርሃኑ እንዳለው በጠዋት መጣ። አስካለ እንዝርቷን በቀኟ እንደያዘች ግራዋን ዘረጋችለት፤ እሱም እንደለመደው ግራዋ ላይ ጠቅልሎ ለካ። «ሰማንያ። አሁንም እንደወረደ ነው» አለ። ጋሽ ይፍሩ ወደ ጨው ከረጢቱ ተመለከቱ።

እኔ ሐሳቤ ደሜ ላይ ነበር። ደግሜ መቅዳት አለብኝ፤ የግራው ደም ስር ደግሞ ማታ አሳይቶኛል። «ብርሃኑ፣ መለኪያህን ቀኟ ላይ ጠቅልልልኝና ትንሽ ንፋው፤ በማሰሪያ ፋንታ ይሁነኝ» አልኩት። «አስካለ፣ ቀኙን ስጪኝ።»

አስካለ አልዘረጋችም። «ቀኙን? ቀኙ እኮ ደህና ነው።»

«ደህናውን ነው የምፈልገው።»

«የታመመው ግራው አይደል? ሐኪም ፊት ጤነኛውን ምን ብዬ እሰጣለሁ? ደግሞ እንዝርቱን ከለቀቅኩት ክሩ ይፈታብኛል።»

ብርሃኑና እኔ ተያየን። «ቀኟን ለክተህ ታውቃለህ?» አልኩት። መለኪያውን ከግራዋ ላይ ፈታ። እንዝርቱን ከእጇ ወሰድኩት፤ ክሩ ይፈታ። ብርሃኑ ቀኟ ላይ ጠቀለለ፣ ነፋ፣ አዳመጠ። እንደገና ነፋ። ማዳመጫውን ከጆሮው አውጥቶ አየው፤ መልሶ ከተተው፤ እንደገና ነፋ። ከሁለት መቶ በላይ ነበር።

ነገሩ ግልጽ ነው፤ ያስቆጣኝም ግልጽነቱ ነው። በግራ ክንዷ ያለው ቧንቧ በፕሌትሌትና በእብጠት ጠቧል፤ ደም ስለማያልፍበት መለኪያው ዝቅ ያለ ቁጥር ያሳያል። የቀረው ሰውነቷ ግን እንደተወጠረ ጎማ ነው። በዚያ ላይ የሚወዷት ሰዎች ሁሉ ለስንት ጊዜ ጨው ሲያበሏት ኖረዋል። እኔም ተሸክሜ አመጣሁላት።

ስልክ የሚሠራው ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ካለው ኮረብታ ላይ ብቻ ነው። ብርሃኑን ከአስካለ ጋ ትቼ ወጣሁ። ኮረብታው ላይ ሦስት ሰዎች ወደ አንድ አቅጣጫ ዞረው «ሃሎ፣ ሃሎ» ይላሉ፤ እኔም አራተኛ ሆንኩ። ዶክተር ራሔልን ሳገኛት ነገርኳት። «ጨው? የምን ጨው?» ስትል ስልኩን ከጆሮዬ አራቅኩት። ብርሃኑ ጤና ጣቢያው ካለው የግፊት መድኃኒት ትንሽ እንዲሰጣት፣ በአንድ ጊዜ እንዳያወርደው፣ ነገ በማለዳ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል እንዳደርሳት አዘዘችኝ።

«አስፕሪኑንስ?» አልኳት። «ይዤላታለሁ፤ ፕሌትሌቶቹ አሁን እየተያያዙ ነው እኮ።»

«እንዳትሰጪያት! ግፊቷ እንዲህ ሆኖ አንጎሏ ውስጥ አንድ ቧንቧ ቢቀደድ የሚደፍንላት ማን ነው? ያው ፕሌትሌቶቹ ናቸው። አስፕሪን ከሰጠሻት እነሱን ታስሪያቸዋለሽ። ግፊቱ ይውረድ፣ ከዚያ።»

ስልኩን ዘግቼ ነፋሱ ላይ ቆምኩ። ሥራዬን ከጀመርኩ አንስቶ እነዚያን ጥቃቅን ነገሮች በማይክሮስኮፕ ስቆጥር ኖሬያለሁ። አሁን ኪሴ ውስጥ የሚያሰንፋቸው ኪኒን አለ፤ ብሰጣት ደም ይፈስሳት ይሆናል፣ ባልሰጣት ይዘጋባት ይሆናል። ፈራሁ። እውነቱን ለመናገር በጣም ፈራሁ።

ስመለስ ደግሞ ጋሽ ይፍሩ አትሄድም አሉ። «ግፊቷ ያነሰ ሰው መኪና ላይ ነፍሱ ትወጣለች።»

«አላነሰም ጋሽ ይፍሩ! በዝቷል!»

«ብርሃኑ አንሷል አለ፤ እርስዎ በዝቷል አሉ። አንድ ሰው ሁለት ግፊት አለው?»

የሰው ሁለት እጅ እኩል መሆኑን ለማሳየት የራሳቸውን አስለካሁ። ቀኝና ግራቸው እኩል ሆነ። አላመኑም፤ ጎረቤት ተጠራ። የጎረቤቱም እኩል ሆነ። ከዚያ መንደሩ ሰማ። ደጁ በሰው ሞላ፤ ሁሉም ሁለቱንም እጅጌውን እየጠቀለለ ይሰለፋል። እኔ በንዴት ስንቆራጠጥ ብርሃኑ ይዞ አስቀመጠኝና የእኔንም ለካው። ሁለቱም እኩል ነበር፤ ግን «የእርስዎም ከፍ ብሏል፤ ይረጋጉ» አለኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። በመጨረሻ የአስካለ በድጋሚ ተለካ፤ ጋሽ ይፍሩ ማዳመጫውን በራሳቸው ጆሮ ላይ አደረጉ። በግራዋ ምንም አልሰሙም። በቀኟ ላይ ሲደረግ ፊታቸው ተለወጠ። «በር የሚመታ ሰው ይመስላል» አሉ። ቀስ ብለው አወጡት። «ነገ በጠዋት እንሄዳለን።»

አስካለ ማታውን በሶውን ያለ ጨው በላች። ጋሽ ይፍሩም ያለ ጨው በሉ። ከቀኟ የቀዳሁትን ሁለተኛ ብልቃጥ ብርድ እንዳይነካው ደረቴ ውስጥ ከትቼ ተኛሁ።

ዓርብ

አስካለን በበቅሎ፣ እኛ በእግር ወደ አውቶቡሱ መንገድ ወረድን። በቅሎዋ አንዴም አልቆመች። መንገዱ ዳር ስንደርስ አስካለ ልትወርድ እግሯን ሰደደች፤ መሬቱን ሳተችውና ጋሽ ይፍሩ ላይ ወደቀች። ተነስታ ልብሷን አራገፈች። ሰበብ ፈልጋ «ተንሸራተትኩ» አለች። መሬቱ ደረቅ ነበር።

«አስካለ፣ ዓይንሽ ያያል?»

«ያያል። ጭስ ጭስ ይላል እንጂ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመስቀል ወዲህ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?» አልኳት ጮኬ።

«ራሴን ሲያመኝ ብነግራቸው ጨው ጨመሩብኝ» አለች። «ዓይኔን ብነግራቸው ምን ሊጨምሩብኝ ነው?»

ጋሽ ይፍሩ ፊታቸውን ወደ በቅሎዋ አዞሩ። በቅሎዋን ለመንገደኛ አደራ ሰጥተው አብረውን ተሳፈሩ።

አውቶቡሱ ሞልቶ ነበር፤ ሰው ግን ሲያያት ተነስቶ ቦታ ለቀቀ። ራሷን ጭኔ ላይ አሳረፍኳት። ብልቃጡ ደረቴ ውስጥ ነው። መኪናው በዘለለ ቁጥር ፕሌትሌቶቹ ሲቀሰቀሱ ይታየኛል፤ በብልቃጡ ውስጥ ያሉት ሳይሆኑ በእሷ ውስጥ ያሉት። አንጎሏ ደህና መሆኑን ለማወቅ በየመታጠፊያው «ስምሽ ማነው? የባልሽስ? እጆችሽን አንሺ» እላታለሁ። ትመልሳለች፣ ታነሳለች። ጣርማ በር ስንደርስ ሰለቻት። «ስሜ ያው ነው ዶክተር፤ አልተለወጠም» አለች። ከኋላ ያሉት ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም፤ አነጋገሯ አለመጎተቱን እየሰማሁ ነበር።

ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ስንደርስ ተረኛዋ ነርስ ገና መለኪያውን ስታነሳ አስካለ ግራዋን ዘረጋች። «ቀኙን!» ብዬ ስጮህ ግቢው በሙሉ ዞሮ አየኝ። ወዲያው አስተኟት፤ መድኃኒት በጠብታ ጀመሩላት።

ቅዳሜ

ግፊቷ ቀስ እያለ ወረደ። እሷ ስትተኛ ማይክሮስኮፕ ለምኜ ከብልቃጡ አንድ ጠብታ መስታወት ላይ ቀባሁ። ፕሌትሌቶቹ በነጮቹ ሴሎች ዙሪያ ተኮልኩለው፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው አየኋቸው። ይህን ለማየት ነበር የመጣሁት። በሽታው ያያያዛቸው ይሁን ያ አውቶቡስ ማን ያውቃል? ለፕሮፌሰሩ ደውዬ ነገርኳቸው። «አንቀጠቀጥሽው ማለት ነው» አሉኝ። «እኔንም አንቀጥቅጦኛል» አልኳቸው።

ጋሽ ይፍሩ በሩ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው አደሩ። ምግብ ገዝቼ ሳመጣላቸው ሳይጎርሱ «ጨው አለው?» ብለው ጠየቁኝ። ለእርስዎ ችግር የለውም ብላቸውም አልበሉም።

እሑድ

ጠዋት ዶክተር ራሔል በስልክ ከሆስፒታሉ ሐኪም ጋር ተነጋግራ አስፕሪኗን ፈቀደች። መንዝ ድረስ ወጥታ የተመለሰችውን ኪኒን ከኪሴ አውጥቼ ሰጠኋት፤ በውሃ ዋጠቻት። እኔም ያንን ሁሉ ቀን ያጠራቀምኩትን ጀመርኩ። ኪኒን ማቋረጥ የለም፣ ጨው የለም፣ ሐኪም ሲመጣ ቀኝ እጅ፣ ዓይንሽ ጭስ ሲል ለማንም ቢሆን ትናገሪያለሽ፣ ቀጠሮ ማለት ቀጠሮ ነው። ጣቴን እያወዛወዝኩ ነበር።

አስካለ ፊቴን ታየኛለች፤ ግንባሬን፣ ዓይኔን፣ የተሰነጠቀውን ከንፈሬን፣ አንድ በአንድ።

«ምነው?» አልኳት ተቆጥቼ።

«በዚያ ጭስ ውስጥ ቁጣዎን ብቻ ሰምቼ የአማቼ እኩያ መስለውኝ ነበር» አለች። «ልጅ ነሽ ለካ።»

ተግሣጼን ሳልጨርስ አልጋዋ ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።